የጾም ድስት ስንት ጊዜ ቢታጠብ ይበቃዋል?

ቁሌት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ የማታ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። የምጠይቃችሁ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስለ ወጥ ቤት ሰው አመል ጥቂት ሳልናገር ብጀምር ግን «ንጹሕ ሠራተኛ አግኝተሽ ታማርሪያለሽ?» እንደምትሉኝ ስለማውቅ ከዚያው ልነሣ።

ወጥ ቤት ውስጥ አመል የሌለው ሰው የለም። እኔ የድስት እጀታ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ካልዞረ ሥራ መጀመር አልችልም። የእጅ ጨርቄ አራት ታጥፎ ከመክተፊያው በስተቀኝ ይቀመጣል፤ ያነሣብኝ ሰው ፈረቃው እስኪያልቅ ስሙ ሲነሣ ያመሻል። ምግብ ስናስቀምጥ ቀን ጽፈን የምንለጥፈውን ፕላስተር በጥርሱ የሚበጥስ ሰው ሳይ ዝም ብዬ መቀስ አቀብለዋለሁ። የኬክ ክፍሉ ሰውዬ ሚዛኑን ቆልፎበት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ክትፎ የሚሠራልን ደግሞ አንዲት ነጭ ጅማት ያመለጠችው ከመሰለው የከተፈውን ሥጋ ሁሉ ዘርግቶ ይፈልጋታል። በእነዚህ ነገሮች እንሳሳቃለን እንጂ አንጨነቅም፤ ጥቅማቸውን እናውቃለን። ትዕዛዝ መስኮቱ ላይ ሲደረደር እጃችን ሳናይ ጨው የሚያገኘው ጨው ዘወትር አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ ነው።

ልጁ ግን ከዚህ ይለያል።

የጾም ምግብ ክፍሉን የያዘው እርሱ ነው። እንደ ብዙ ቤቶች ሁሉ እኛም የጾምና የፍስክ ዕቃ እንለያለን፤ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው፣ ማማሰያው ለየብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በሁዳዴ 55 ቀናት፣ ቤቱን የሚያቆመው የእርሱ ምድጃ ነው። ሲቀጠር ዕቃ አጣቢ ነበር፤ እጁን አይተን ወደ ምድጃ አመጣነው። የእርሱን በያይነቱ ብታዩት ትወዱት ነበር፤ ምስሩ ከክኩ፣ ጎመኑ ከፎሶልያው ሳይነካካ እንጀራው ላይ ተደርድሮ ይወጣል። ስሙን የማያውቁ ደንበኞች እንኳን «የዛሬው ጾም የዚያ ልጅ ነው?» ብለው አስተናጋጇን ይጠይቃሉ።

ታዲያ ይህ ልጅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መደርደሪያ ላይ የተደፋውን ድስት አንሥቶ እንደገና ያጥበዋል። ያሸተዋል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞት ይመጣል።

«ቅቤ ቅቤ ይላል?»

አፍንጫዬን አስገብቼ «አይልም» እለዋለሁ። ይሄድና ይመለሳል።

«ጠርዙንስ አሽትተሽዋል? እጀታው የተያያዘበት ቦታስ?»

አሁንማ ዕቃ አጣቢውም አስተናጋጆቹም ድስት አሽታች ሆነዋል። በፍስኩ ምድጃ ቅቤ ሲነጠር እንፋሎቱ ይደርስብኛል ብሎ ክዳን ላይ ክዳን ይደርባል። ባለፈው ዓርብ ቤቱ ሞልቶ እያለ አንድ ድስት ሙሉ ሽሮ ደፍቶ አገኘሁት። የዶሮ ወጥ ጭልፋ በላዩ አልፏል አለኝ። ጠብ ያለ ነገር አላየም፤ ማለፉ ብቻ በቃው። ደንበኛ ተቀምጦ እየጠበቀ ሽንኩርት እንደ አዲስ ማቁላላት ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

እጁ በበረኪና ተሰነጣጥቋል፤ የጣቶቹ መገጣጠሚያ ይደማል። የቆሰለ እጅ ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ጣጣ ስለሆነ ፕላስተርና ጓንት እናደርግለታለን፤ ጓንቱን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየቀየረ ይጨርሰዋል። ማታ ጋዙን ዘግተን ስንወጣ ሰርቪሱ እርሱን ይጠብቃል፤ ከበር እየተመለሰ መዝጊያውን ያያልና።

ዋናው ሼፍ በየስብሰባው «እንደ እርሱ ያሉ አሥር በሰጠኝ» ይላል። እኔ ደግሞ ፊቱን አያለሁ። ድስት ሲያጥብ የሚታይበት ሥራውን የሚወድ ሰው ፊት ሳይሆን ዕዳ ያለበት ሰው ፊት ነው። ይህ ትጋት ነው ወይስ ሕመም? ሕመምስ ከሆነ ሐኪም ያልሆንኩት እኔ ምን ላድርግ? እባካችሁ «ጸበል ውሰጂው» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፤ የጸበሉን መንገድ እርሱ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

የጉለሌዋ

ልጄ፣ ምድጃ ዳር ያረጀሁ ነኝና ልናገር። ከጻፍሽው ግማሹ እኛን ያሳደገን ነው። ዶሮ 12 ብልት ሆና ካልወጣች ሙያ የለሽም ትባያለሽ። በሎሚና በጨው እያሸን የምናጥባት ውሃው እንደ ገባ ጠርቶ እስኪወጣ ነበር። ሽንኩርቱ እኩል ካልደቀቀ ቁሌቱ ግማሹ ጥሬ ግማሹ አሮ ይቀራል፤ ስለዚህ እንባችን እየወረደም ቢሆን እጃችን አይቸኩልም። አንዷ ቸኩላ ከትፋ እንደሆነ ወጡን ሳንቀምስ ከድምፁ እናውቅ ነበር።

ግን ልብ በይ፤ ያ ሁሉ ልፋት ማለቂያ ነበረው። ውሃው ሲጠራ ዶሮዋን ታወጫታለሽ። ሽንኩርቱ ውሃውን ሲጨርስ ዘይቱ ይገባል፣ በርበሬው ይከተላል። ዘይቱ ወጡ ላይ ሲወጣ እሳቱን ትቀንሻለሽ። ድስቱ ራሱ «በቃኝ» ይልሻል። የአንቺን ልጅ ግን ድስቱ «በቃኝ» አይለውም። ያስፈራኝ ይህ ነው።

በሥራ ሰዓት አትጠይቂው። ለብቻው፣ ቡና እየጠጣችሁ ጠይቂው። አንድ ሰው «ጾሜን አስገደፍከኝ» ብሎ ጮኾበት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አይወጣም።

ሒሳብ ክፍል

የተደፋው ሽሮ ከማን ደመወዝ ተቆረጠ? ሁሉን ነገር ሕመም ማለት ለምዶብናል። ወደ ዳቦ ክፍል ይዛወር፤ ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈለግ። ሆቴል የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም።

ፖቶማክ ማዶ

ሰላም እህቴ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ቤት የማስተዳድር ነኝ። እንደሚመስለኝ ልጁን የጎዳው መለኪያው አፍንጫ መሆኑ ነው። አፍንጫ ይጠራጠራል፤ ቁጥር ግን አይጠራጠርም። እዚህ የጤና ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ንጹሕ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ቴርሞሜትሩን ነው የሚያወጣው። የዶሮ ሥጋ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። እንደሞቀ የሚቆይ ወጥ ከ57 መውረድ የለበትም። ለነገ የሚቀመጠው ደግሞ ከ57 ወደ 21 በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት መቀዝቀዝ አለበት። ትልቁን ድስት እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብትከቺው አይደርስም፤ ጎድጓዳ ባልሆኑ ትሪዎች ከፋፍለን በረዶ ላይ እናስቀምጠዋለን። ዕቃ በሦስት ገንዳ ያልፋል፤ በአንዱ ይታጠባል፣ በአንዱ ይለቀለቃል፣ በአንዱ ክሎሪን ባለበት ውሃ ይነከራል። የክሎሪኑን መጠን የምናውቀው መመርመሪያ ወረቀት ነክረን ቀለሙን በማየት ነው። ቀለሙ ከመጣ አለቀ፤ ዕቃው በነፋስ ይደርቃል፤ ማንም አይነካውም።

እትዬ የጉለሌዋን ላስቀይማቸው ነው እንጂ የዶሮ ማጠቡን ነገር የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አይመክረውም። ፍንጣሪው ጀርሙን ወደ ገንዳውና አጠገቡ ወዳለው ሰላጣ ይበትነዋል፣ ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው ይላል። እኛ ቤት ያሉት እናቶች ይህን ስነግራቸው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። ዛሬም ያጥባሉ፤ እኔ ከኋላቸው ገንዳውን አስጸዳለሁ።

ለልጁ ሕጉን ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊለት። ታጠበ፣ ተለቀለቀ፣ ተነከረ፣ ፊርማ። ከፊርማ በኋላ ድስት አይነሣም።

ቁሌት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሒሳብ ክፍል፣ የሽሮው ዋጋ ከማንም አልተቆረጠም። ዳቦ ክፍላችን ደግሞ ቅቤ በካርቶን የሚገባበት ነው፤ ልጁን ወዴት እንደላክኸው አላሰብክበትም።

ፖቶማክ ማዶ፣ ወረቀቱን ሞክረነዋል። በሥርዓት ሞልቶ ፈረመ። ከዚያ በትክክል መፈረሙን ለማረጋገጥ ይመላለስ ጀመር። አሁን ድስቱም አለ፣ ወረቀቱም አለ።

እትዬ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ከሥራ በፊት ማኪያቶ ጋብዤ ጠየቅሁት። ማንም አልጮኸበትም። ያለኝ እንዲህ ነው፦ «ድስቱ ንጹሕ መሆኑን አውቀዋለሁ። ግን አንዲት የማላውቃቸው እናት በእኔ እጅ ጾማቸውን ቢሽሩስ? ይህ ሐሳብ አንዴ ከመጣ አይለቀኝም። ሳጥብ ጥቂት ያርፍልኛል።» ይህን ብሎ አለቀሰ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ሞረድ

የሆቴል ሙያ ስማር ቫቴል ስለሚባል ፈረንሳዊ ተነግሮን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1671 ሻንቲዪ ላይ ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ግብዣ ሲያሰናዳ ያዘዘው ዓሣ በሰዓቱ የሚደርስ ስላልመሰለው ራሱን አጠፋ፤ ዓሣው ከዚያ በኋላ መጣ። መምህራችን ይህን ያወሩልን የሙያ ክብር ምሳሌ አድርገው ነበር፤ እኛም በአድናቆት ሰማናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሦስት የሚሽላን ኮከብ፣ ማለት ለምግብ ቤት የሚሰጠው ከፍተኛው ደረጃ፣ የነበረው ፈረንሳዊው ሼፍ በርናር ሉዋዞ ራሱን አጠፋ፤ ኮከብ ሊቀነስበት ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ የከረመበት፣ በድብርትም የሚሠቃይ ሰው ነበር። ሼፋችሁ «አሥር በሰጠኝ» አለ ስትዪ እነዚህ ትዝ አሉኝ። እኛ ሙያ ውስጥ ሰው እየታመመ ይሸለማል።

ሲስተር

እህቴ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ያላየሁትን ሰው ይህ ሕመም አለበት ማለት አልችልም፤ የጻፍሽው ግን በሥራችን ከምንሰማው አይርቅም። ነገሩን ልጁ ራሱ ተናግሮታል፤ ያውቃል፣ ሐሳቡ ግን አይለቀውም፣ ሲያጥብ ጥቂት ያርፍለታል። ችግሩን የምታቆየው ያቺ ዕረፍት ናት። ሐሳቡ ይመጣል፣ ጭንቀቱ ከፍ ይላል፣ ያጥባል፣ ይቀልለዋል፤ አእምሮውም «ያዳነኝ ማጠቡ ነው» ብሎ ይይዝና በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ያስጥበዋል።

በሕክምና ይህን ከአመል የምንለየው በሚወስደው ሰዓትና በሚያደርሰው ጉዳት ነው። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚበላ ወይም ሥራንና ኑሮን የሚያውክ ከሆነ ሰውየው መታየት አለበት። ብዙ ጊዜም የሚጀምረው በወጣትነት ነው። የአንቺ ጨርቅ ቢነሣብሽ ትናደጃለሽ እንጂ ሰው ተጎዳ ብለሽ አትሸበሪም። «ከእኔ መንገድ ሌላ ትክክል የለም» እያለ ወጥ ቤቱን የሚያስጨንቅ ሼፍ ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ ራሱን ደኅና ነኝ ብሎ ያምናል፣ የሚሠቃዩት አጠገቡ ያሉት ናቸው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ድስቱን ስታሸቺለት አብረሽው እያጠብሽ ነው። «አይልም» የሚለው መልስሽ የሚሠራው የሳሙናውን ሥራ ነው፤ ለጊዜው ያቀልለዋል፣ ወዲያው ሌላ ያስጠይቀዋል። የአስተናጋጆቹም እንዲሁ። ይህን የምታደርጉት ከክፋት አይደለም፤ የታማሚ እናትም ሚስትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ነገር ግን በአንድ ጊዜ «ከእንግዲህ አልመልስልህም» ብትዪው ይብስበታል፤ ቀልድ ብታደርጉበት ደግሞ ያፍርና ይደብቃል። ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። በፈረቃ አንድ ጊዜ፣ አንቺ ብቻ፣ አንድ መልስ። ሌላው ሁሉ «ኃላፊዋን ጠይቅ» ይበለው። ደግሞ ሲመጣብሽ «ጭንቀቱ እንደያዘህ ገብቶኛል፤ መልሱን ግን ቀድሜ ሰጥቼሃለሁ» በዪውና የሚሠራው ነገር ስጪው። ጭንቀቱ ከፍ ይላል፤ ሳይታጠብም ይወርዳል። መውረዱን በራሱ ላይ ካላየው በምክር አያምነውም።

ዋናው ሕክምና ይህንኑ በሠለጠነ ሰው እጅ ደረጃ በደረጃ ማለማመድ ነው፤ የሚፈራውን ነገር እየቀረበ ማጠቡን እንዲተው ይደረጋል። መድኃኒትም አለ፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት። ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ውጤቱ እስኪታይም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው ገና በመጀመሪያው ወር «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። ከፋርማሲ ገዝቶ በራሱ አይጀምር፣ በራሱም አያቋርጥ። ጸበሉን አልከለክልም፤ ለጸበል ብሎ መድኃኒቱን እንዳይተው ብቻ ነው የምለምነው።

የንስሐ አባቱን ከጎናችሁ አድርጉ። ጭንቀቱ ሃይማኖት ላይ ሲያርፍ የሐኪም ቃል ብቻ አይበቃም፤ አባቱ «አንድ ጊዜ በሥርዓት ከታጠበ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አላዘዝኩህም» ቢሉት ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ እየደወለ እንዳይጠይቃቸው ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ እርሳቸውም ድስት አሽታች ይሆናሉ።

አማኑኤል የሚለውን ስም ስትጠሪ ሊደነግጥ ይችላል። እየተመላለሱ መታከም እንዳለ፣ የሄደ ሰው ሁሉ እንደማይተኛ ንገሪው፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። እምቢ ካለ በእጁ በኩል ግቢ። ቁስሉን ሊያሳይ ሲሄድ ሐኪሙ «ለምን ይህን ያህል ትታጠባለህ?» ማለቱ አይቀርም። በረኪናውን ከባዶ እጁ አርቁት። ዋናውን ሼፍም በስብሰባ ማሞገሱን እንዲተው ንገሪው። ምናልባት «ሕይወት ሰለቸኝ» የሚል ቃል ከሰማሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ይዘሽው ሂጂ።

ጅዳ

ሰላም እህቴ። እኔ ጅዳ በአንድ ምግብ ቤት ሥጋ ክፍል የምሠራ ሙስሊም ነኝ። በእኔ ላይ የመጣው ከሶላት በፊት በምንታጠበው በውዱእ ነበር። ክርኔ ላይ ውሃ ያልነካው ቦታ የቀረ ይመስለኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ጀመዓው ሶላቱን ጨርሶ ሲወጣ እኔ ገና ቧንቧው ጋር ነኝ። አንድ ኡስታዝ ያሉኝን ልንገራችሁ። ሦስት ጊዜ ሱናው ነው፤ ከዚያ በላይ ውሃ ማባከን ነው። በእርግጠኝነት የተያዘ ነገር በጥርጣሬ አይፈርስም፤ ከጨረስክ በኋላ የመጣብህን ጥርጣሬ ዞረህ አትየው። መስማቱ ቀላል ነበር፤ መፈጸሙ ግን ሐኪም ጠይቆኛል። ዛሬ ደኅና ነኝ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ ትቼው እገባለሁ። ለልጁ ሰላም በዪልኝ።

የጉለሌዋ

ፖቶማክ ማዶ፣ ዶሮዬን ማጠብ አልተውም። የአሜሪካ ግብርና መጥቶ ይቅመሳት።

ቁሌት

ሲስተር፣ የጻፍሽውን አትሜ ለዋናው ሼፍ ሰጠሁት። መጀመሪያ «ታዲያ ወጥ ቤቱ ይቆሽሽ ነው የምትዪኝ?» አለኝ። የተደፋውን ሽሮና ደም የነካውን ጓንት ሳነሣበት ዝም አለ፤ ከዚያ ስብሰባ ላይ ስሙን እንደማያነሣ ነገረኝ። ይህ ለእርሱ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሚያመሰግነው ሰው ብዙ የለውም።

ከልጁ ጋር ተስማምተናል። ፈረቃ ሲጀመር አንድ ጊዜ አሸታለሁ፤ መልሱ አይደገምም። ረቡዕ ዕለት ዕቃ አጣቢው ከልማድ ብዛት አፍንጫውን ድስቱ ውስጥ ሊያስገባ ሲል አስተናጋጇ ሸሚዙን ከኋላ ይዛ ጎተተችው፤ ልጁ ራሱ ሳቀ። ከዚያ ግን ምስሩ እስኪበስል እጆቹን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከቶ ቆመ፤ ላቡ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ መጣ፤ እንዳልሽው መለስኩለትና ጎመን እንዲከትፍ ሰጠሁት። አንድ ገበታ በያይነቱ ዘገየ፤ ማንም አልተናገረውም። ለእጁ የቆዳ ሐኪም ለማየት ፈቅዷል። የንስሐ አባቱን ራሴ አነጋግራለሁ ብሏል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማታ ማታ ጋዙን እየተመለሰ የሚያየውንም በዚሁ መንገድ እንያዘው? ነገሩ ጋዝ ስለሆነ እኔም ፈራሁ።

ሲስተር

አንድ በአንድ ይሁን፤ ለጊዜው ከድስቱ ጋር ብቻ ቆዩ። የጋዙ ነገር ሐኪም ሲያገኝ አብሮ ይነሣል። እስከዚያው ዋናውን መዝጊያ መዝጋት ድሮም የፈረቃ ኃላፊ ሥራ ነውና አንቺ ዝጊው፤ ሰርቪሱም እርሱን ይዞ በሰዓቱ ይነሣ።